አራተኛው እፍኝ ጓያ

ለውድ ባለቤቴ ለዓለምነሽ፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በቃሌ አስሬሽ ነበር፤ ሳልፈታሽ ሞትሽ። ወደ ወንድሜ ወደ አድማሱ ቤት እንዳትሄጂ በሥላሴ ስም የገዘትሁሽን ግዝት ዛሬ በጽሑፍ እፈታዋለሁ። እንዲህ ያለው ቃል በሕይወት ላለ ሰው በአንደበት የሚነገር እንጂ ለሟች የሚጻፍ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ሆኖም በአንደበቴ ያሰርሁትን በአንደበቴ ለመፍታት የተሰጠኝን ጊዜ በእልህ ስለ ጨረስሁት፣ የቀረኝ ብዕር ብቻ ነው።

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ይቀረዋል። አሁን ግንቦት ነው፤ የፎገራ ሜዳ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። ቤታችን እንደ ቆመ ነው። የምሥራቁ ግድግዳ ባለፈው ክረምት ረጥቦ ጭቃው ስለ ተራገፈ እንደ ገና አስመርጌዋለሁ። ቦራዪቱ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ግን እግሬ ሳላዝዘው ይነሣል፤ ጡረተኛ መሆኔን የማስታውሰው ከደጃፉ ከደረስሁ በኋላ ነው። ቀን ቀን የገበሬውን አቤቱታ እጽፋለሁ። ዐረፍተ ነገሩን አቃንቼ፣ ሰዋስዉን አርሜ እሰጠዋለሁ፤ ባለ ጉዳዩ ግን እንደ መጣ ተክዞ ይመለሳል። እንግዳችን ሚስተር ጉናዳሳም ወደ አገሩ ገብቷል። የነበረበትን ክፍል ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።

የጠቡን ነገር አንቺ ከማንም አብልጠሽ ታውቂዋለሽ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚሰማው ግን በቅደም ተከተል ልጽፈው ይገባኛል።

ርብ በየክረምቱ ሞልቶ እኔና አድማሱ ከአባታችን የወረስነውን መሬት ያለብሰዋል። ውኃው ሲሸሽ ድንበር የሚባል ነገር አይገኝም፤ ምልክቱ ሁሉ በደለል ተቀብሯል። ስለዚህ በጥቅምት፣ ጭቃው ሳይደርቅና ጓያው ሳይዘራ፣ ሽማግሎች ባሉበት መሬቱ ከዋርካው ሥር ጀምሮ በገመድ ይለካል። የገመዱን አንዱን ጫፍ አንዱ ወንድም፣ ሌላውን ጫፍ ሌላው ወንድም ይይዛል። በወንድም ፈንታ ጫፉን ሌላ ሰው የሚይዘው ያ ወንድም የሞተ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት እኔ አዲስ ተማሪ በመመዝገብ ተይዤ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። ጭቃው መድረቅ ጀመረ። አድማሱም የእኔን ጫፍ ለጎረቤቱ አስይዞ ለካ፤ ዘራም።

ያንገበገበኝ መሬቱ አልነበረም፤ ቆሜ እየሄድሁ እንደ ሞተ ሰው መቈጠሬ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ እንደ ተሰበሰበ፣ ዳግመኛ ደጁን እንዳልረግጥና ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ እንዳልቀርብ ማልሁ። እርሱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጋሼ፣ ጭቃው ደረቀብኝ እኮ።» ቤት እንደ ገባን ደግሞ አንቺን ገዘትሁሽ። እግዚአብሔር ልጅ ስላልሰጠን፣ እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ የነበረውን አድማሱን በእጅሽ አጥበሽ፣ በእጅሽ አጉርሰሽ ያሳደግሽው አንቺ ነበርሽ። የከለከልሁሽ ወንድሜን መስሎኝ ነበር፤ ልጅሽን ኖሯል።

አሁን ደግሞ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከማልሁ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ወደ መሬቱ ሄጄ ከዋርካው ጀምሮ በእርምጃ ለካሁት። አድማሱ አላጎደለብኝም። ሦስት እርምጃ ጨምሮልኝ ነበር። ይህን ለአንቺም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። በአደባባይ የተማለ መሐላ ነበረና፣ እውነቱ መሐላዬን እንዳያሳፍረው ፈራሁለት።

ሚስተር ጉናዳሳ ከሴሎን ደሴት መጥቶ ሒሳብ ሊያስተምር በትምህርት ቤታችን የተቀጠረውና በግቢያችን መኖር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የወረታ ሰው ስሙ ስለ ከበደው በተራራው በጉና ጠራው። ሥጋ እንደማይበላ ባወቅሽ ጊዜ በመጀመሪያ ደስ አለሽ፤ በዐቢይ ጾም እንግዳ የማያስቸግር ሰው ተገኘ አልሽ። ፋሲካ ሲመጣ ግን ዶሮው ቀርቦ እርሱ ሽሮውን አስቀርቦ ሲበላ ባየሽ ጊዜ ዐይንሽ ዕንባ አቀረረ። ዕድሜ ልኩን እንዲጾም ንስሐ አባቱ የፈረዱበት መሰለሽ። ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችንም፣ «ሰው ሳይገድል አይቀርም፤ ብቻ ዐይኑ የገዳይ ዐይን አይደለም» ብላ ነገሩን አጸናችልሽ። መንደሩ በሙሉ ለአንድ ዓመት ያህል ያንን ምስኪን ሰው በነፍሰ ገዳይነት አዘነለት። በመጨረሻ መታገሥ ቢያቅትሽ፣ «መምህር፣ እባክዎ ይጠይቁልኝ፤ ስንት ዓመት ቀረው?» አልሽኝ።

በማውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ጠየቅሁልሽ። ጉና እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። ማንም እንዳልቀጣው፣ ቡድሃ የሚባለውን የጥንት መምህር ትምህርት እንደሚከተል፣ በዚያም ትምህርት እስትንፋስ ያለውን ሁሉ መጉዳት ክልክል እንደ ሆነ፣ መጉዳትም ከእጅ ሳይሆን ከቁጣ እንደሚጀምር ነገረን። አንቺም ወዲያው፣ «እንግዲያው ቁጣን በምን ያበርዱታል ይላል?» ብለሽ ጠየቅሽ። ይህን ጥያቄ ስለ ማን እንደ ጠየቅሽ ስለ ገባኝ፣ ለመተርጐም ዘገየሁ።

በዚያ ዓመት የሰማነውን በየዋህነት የተቀበልሽው አንቺ ነሽ፤ ፊደል ያልቈጠርሽው። እኔ የተማርሁት ተሣለቅሁበት። ጉና ቁጣ ሲመጣ እንዳልታዘዘው፣ እንዳልታገለውም፣ ነገር ግን ከሰውነቴ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሜ እንዳየው ይመክረኝ ነበር። ከድልድይ ላይ ሆኖ ርብን እንደሚያይ ሰው ሁን፤ ውኃው ይሞላል፣ ያልፋል፣ አንተ ግን ውኃው ውስጥ አይደለህም ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ተማሪ ላይ ጮኼ ከክፍል ስወጣ፣ ቁጣዬ ከአፌ በፊት መንጋጋዬ ላይ እንደሚደርስ በለመዳት ጥቂት አማርኛ ነግሮ በጣቱ አሳየኝ። እኔ ግን አማርኛው ትክክል አለመሆኑን ነግሬው አለፍሁ።

ሌላም ጊዜ ስለ አድማሱ አንሥቶ፣ ከወንድሜ አካል በየትኛው እንደ ተቈጣሁ ጠየቀኝ። በጸጉሩ ነው? በጥርሱ ነው? በአጥንቱ ነው? ገመዱን ለሌላ ሰው በሰጠው እጁ ከሆነ፣ ያው እጅ ሲያርስ፣ ልጁን ሲያቅፍ የሚውለው አይደለምን? «በሁለንተናው» ብዬ መለስሁለት። ያን ቀን መልሴ የተዋጣለት መስሎኝ ነበር። ንስሐ አባታችን እንኳ ነገሩን ሲሰሙ፣ የሰውየውን አምልኮ እንድተወው፣ ትዕግሥቱን ግን ከማንም ብማረው ኀጢአት እንደማይሆንብኝ ነግረውኝ ነበር። እኔ አምልኮውን ተውሁ፤ ትዕግሥቱንም አብሬ ተውሁት።

ከዚያ የአድማሱ ልጅ ፈንታነሽ በንዳድ ሞተች። አምስት ዓመቷ ነበር። ግዝቱ ሳይመጣ፣ አባቷ ወደ ወረታ ገበያ ባመጣት ቍጥር አንቺን «እማማ» እያለች ከቀሚስሽ የማትለይ ነበረች። መርዶውን የሰማሽው ቅዳሜ ገበያ ነው። ወደ ቤት መጥተሽ ከፊቴ ቆምሽ። «ለልቅሶ ብቻ ይፍቱኝ። አልቅሼ እመለሳለሁ፤ ውኃ እንኳ አልቀምስበትም» አልሽኝ። ቁጣዬ መንጋጋዬ ላይ ደረሰ። ዐወቅሁት፤ ጉና እንዳሳየኝ ዐወቅሁት። ዐውቄም አልፈታሁሽም።

ግዝቱን ሳትጥሺ እስከምትችይበት ድረስ ሄድሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለብሰሽ ከርብ ድልድይ ወዲህ ቆምሽ፤ ወደ ይፋግ አቅጣጫ፣ የአድማሱ ቤት ወዳለበት ዞረሽ ብቻሽን አለቀስሽ። ልቅሶሽን የሚቀበል ሰው አልነበረም። የጭነት መኪኖች በአጠገብሽ ያልፉ ነበር። ጉና ነው እጅሽን ይዞ የመለሰሽ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያን የአራት ሰዎች ጸሎት የሚመስል ነገር ከጉና ተማርሽ። እርሱ ጠዋት ጠዋት ዐይኑን ጨፍኖ፣ ተቀምጦ የሚያደርገው ነው። አንቺ ግን፣ «እኔ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም» ብለሽ ከጓያ ለቀማ ጋር አገናኘሽው። ሰፌዱን ጭንሽ ላይ አድርገሽ የመጀመሪያውን እፍኝ ስትለቅሚ ለራስሽ ሰላምን ትመኚያለሽ፤ ሁለተኛውን ለምትወጂው ሰው፤ ሦስተኛውን ለማትወጂውም ለማትጠዪውም ሰው፤ አራተኛውን ለበደለሽ። ሦስተኛው ሰው የአንበሳሜው በርበሬ ነጋዴ እንደ ሆነ ነግረሽኝ ስቀናል። አራተኛው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁሽም። የገመዱን ጫፍ ለሌላ የሰጠው፣ ይህን ሁሉ መዘዝ ያመጣብን አድማሱ ነው ብዬ አሰብሁ። አራተኛው እፍኝ ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስድብሽ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ለቅመሽ ሳትጨርሺው ሰፌዱን ታስቀምጪዋለሽ። «ዛሬስ አልሆነልኝም» ትያለሽ። በማግሥቱ ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ።

በነሐሴ ታመምሽ። ያው ንዳድ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ «ግዝቱን ይፍቱልኝ» አልሽኝ። እኔም፣ «ሲሻልሽ እንነጋገራለን» አልሁሽ። ይህች የመለስሁልሽ ቃል በሰዋስው ረገድ እንከን የላትም። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ካስተማርሁት ትምህርት ሁሉ ለብቻዋ ተነጥላ የምትሰማኝ እርሷ ናት። በአምስተኛው ቀን ሞትሽ።

ቀብርሽ ላይ የሆነውን አንቺ አላየሽም፤ ቢሆንም መናዘዝ ይገባኛል። አድማሱ በዚያ ሁሉ ጭቃ ከይፋግ ማዶ በእግሩ መጣ። ሬሳሽ ከቤት ሲወጣ በሰው መካከል አልፎ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። እኔ በአጠገቡ ነበርሁ። የያዘበትን እጅ አየሁት፤ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ሥር ጭቃ ያለበት፣ ልጅ ሳለ አንቺ ታጥቢው የነበረ እጅ። «እጅህን አንሣ» አልሁት። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። አነሣ። ወደ ኋላ ቀርቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ብቻውን ተከተለን፤ ዐፈር ሲመለስም ከግንቡ ውጭ ቆሞ ነበር።

ጉና ውሉ አልቆ የሄደው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚገናኙበት ቦታ መኪና ስንጠብቅ፣ አንድ ነገር እንዳይነግረኝ አንቺ አስምለሽው እንደ ነበር፣ አሁን ግን ስለ ሞትሽ ሊነግረኝ እንደሚገባው ገለጠልኝ። ሽማግሌን አንቱ እንጂ አንተ እንዳይል ስንት ዓመት ሳርመው ኖሬ ነበር። «አራተኛ ሰው አንተ ነህ» አለኝ። አላረምሁትም።

ዓለምነሽ፣ ለካ ይህን ሁሉ ጠዋት ስትታገዪ የኖርሽው ከእኔ ጋር ነበር። እኔ በአጠገብሽ ጋዜጣዬን እያነበብሁ፣ አንቺ በእኔ ላይ የተነሣውን ቁጣሽን ከጓያው ጠጠር ጋር እየለቀምሽ ታወጪ ነበር። ጨርሰሽው እንደ ሆነ፣ ወይም ሳትጨርሺው ሞተሽ እንደ ሆነ አላውቅም። የሚነግረኝም የለም።

ጉና ከሄደ ወዲህ ሰፌድሽን ከተሰቀለበት አውርጄ በየጠዋቱ እሞክራለሁ። እንደ መምህር ሦስቱን አልፌ በአራተኛው ላይ የምቸገር መስሎኝ ነበር። አልሆነም። የምንቀው የመጀመሪያው እፍኝ ነው ያቃተኝ። አንድ ሰው ለራሱ ሰላምን መመኘት የማይችል ከሆነ ለሌላው የሚመኘው ከየት ያመጣል ይል ነበር ጉና፤ ያን ጊዜ የራስ ወዳድ ትምህርት ብዬ ነቅፌዋለሁ። አሁን ያችን አንዲት እፍኝ ይዤ እቀመጣለሁ። «ሰላም ይሁንልህ» ለማለት አፌን ስከፍት የምሰማው «ሲሻልሽ እንነጋገራለን» የሚለውን ድምፄን ነው። ጓያውን ወደ እንስራው እመልሰዋለሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እህሉ ነቅዟል። አንቺ በማግሥቱ እንደ ገና ትጀምሪ እንደ ነበር አስባለሁ፤ እኔም እጀምራለሁ፤ ግን እንደ አንቺ ተስፋ አድርጌ አይደለም፤ ሌላ የማደርገው ስለ ሌለኝ ነው።

በዕድሜዬ ሙሉ ትዕግሥተኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አንድ ተማሪ አንዱን ስሕተት ሰባት ጊዜ ቢደግም ሰባት ጊዜ አርሜዋለሁ። አሁን ስመረምረው ያ ትዕግሥት አልነበረም፤ ትክክል መሆኔን እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር ስለ ነበረ ብቻ ነው። ትዕግሥት የሚያስፈልገው እኔ በተሳሳትሁበት ቦታ ነበር፤ በዚያ አንድ ቀን እንኳ አልተገኘልኝም።

መሐላዬን ለንስሐ አባታችን ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ሽማግሎችንም ሁለት ጊዜ ወደ አድማሱ ልኬ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አብልቶ አጠጥቶ አሰናበታቸው። በሁለተኛው፣ «እጅህን አንሣ ብለውኛል፤ አነሣሁ» ብሎ መልሷቸዋል። ቁጣ የለበትም አሉኝ፤ በጨዋ ደንብ አስተናግዶ ነው የሸኛቸው። ያ ነው የሚያስፈራኝ። ለቁጣ መድኃኒቱን ቢያንስ ሰምቼ ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ግን አልተማርሁም። መሬቱም ከአንቺ ሞት ወዲህ አልተለካም። እርሱም እኔም አልዘራንበትም። ውኃው ሲሸሽ ሣር ይበቅልበታል፤ የማንም ከብት ይግጠዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ግዝቱን ፈትቼዋለሁ፤ ብትችዪ ኖሮ ዛሬ ድልድዩን በተሻገርሽ ነበር። እስካለሁ ድረስ አንቺን የማስታውስሽ በተዝካር ቀን ብቻ አይሆንም። ድልድዩ ላይ ወደ ይፋግ ዞረሽ ስታለቅሺ በየቀኑ አይሻለሁ፤ ከዚያ እንዳልመልስሽም፣ ዐይኔንም ከአንቺ ላይ እንዳላነሣ ቃል እገባልሻለሁ።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በይፋግ በኩል ላለው ለአድማሱ ደብር አስተዳዳሪ ቄስ ይላካል፤ እርሳቸው ያነቡለታል። እርሱ ማንበብ አይችልምና። የአገሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ሳስቈጥር፣ የገዛ ወንድሜን ከበሬ ኋላ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይህም ከበደሌ ጋር ይቈጠርልኝ።

አድማሱ፣ እኔ የማልወቅስህና መልስህንም የማልጠብቅ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም እጠይቅሃለሁ። የምጠይቅህ ምሕረት አይደለም፤ ገመዱንም እንድትይዝልኝ አይደለም። ለፈንታነሽ ያልተለቀሰውን ልቅሶ፣ ዓለምነሽ ከድልድዩ ወዲህ የጀመረችውን፣ ደጅህ መጥቼ እንድጨርስ ትፈቅድልኝ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ርብ ከሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ እኔም ሌላ በጋ ማየቴን አላውቅም። ስለዚህ «ና» ወይም «አትምጣ» የሚለውን፣ በቄሱ እጅም ቢሆን በማንም፣ ስሕተቱን የማላርመውን አንድ ቃል፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ በጽሑፍ ላክልኝ።